ማሳው የሚቃጠለው ጓዳ ውስጥ ነው

ካርቦን ሲባል ለብዙዎቻችን የሚታየን ዛፍ ነው። አይፈረድብንም። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በየክረምቱ አረንጓዴ ቲሸርት ለብሰን፣ ችግኝ ይዘን፣ ፎቶ ተነስተን ስንመለስ የሚነገረን ይኸው ነው፦ ዛፍ ካርቦን ይይዛል፣ ስለዚህ ትከሉ። እሺ፣ ተከልን። (ስንቱ ጸደቀ የሚለውን ለሌላ ቀን እናቆየው።) ችግኙን የተከልንበት ጉድጓድ ውስጥ ያለውን ነገር ግን ማንም ልብ ብሎ ያየው አይመስለኝም። አፈሩን ማለቴ ነው። የዓለም አፈር እስከ አንድ ሜትር ጥልቀት ድረስ ብቻ 1,500 ቢሊዮን ቶን ገደማ ካርቦን ይዟል። ይኼ መጠን በአየሩ ውስጥ ካለውና በምድር ላይ ባሉ ዕፅዋት ሁሉ ውስጥ ካለው ካርቦን ድምር ይበልጣል። ትልቁ መጋዘን ከእግራችን በታች ነው ማለት ነው።

መጋዘኑ ደግሞ ያፈስሳል። በተለይ የእርሻው። በ2017 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ የታወቀ ስሌት እንደሚለው፣ የሰው ልጅ ማረስና ከብት ማሰማራት ከጀመረ ወዲህ ከዓለም አፈር ከ110 ቢሊዮን ቶን በላይ ካርቦን ወጥቷል። ደን ተመንጥሮ እርሻ ሲሆን አፈሩ ከነበረው ካርቦን በአማካይ 40 በመቶ ገደማውን ያጣል፤ ኪሳራው የሚከፋውም በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ነው። ይህንን ለማየት አማዞን መሄድ አያስፈልግም። የእኛው ተመራማሪዎች በሻሸመኔና ሙነሳ አካባቢ ደኑ ከተመነጠረ ጥቂት ዓመት የሆነውን ማሳ፣ ከዚያም እስከ 53 ዓመት ድረስ የታረሰውን፣ ገና ካልተነካው ደን ጋር እያነጻጸሩ ለክተውታል። ደቡብ ጎንደር የሄደ ሰው ደግሞ ያለ መለኪያ ያየዋል፤ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ውስጥ ጥቁርና ለስላሳ አፈር፣ ከቅጽሩ ውጪ የገረጣ ማሳ።

እንዲህ የሚያደርገው ምንድን ነው? ጉዳዩ እንደ ማንኛውም ቤት ገቢና ወጪ ነው። ገቢው ሥር፣ ቅጠል፣ ገለባ፣ እበት ነው። ወጪው ደግሞ ሁለት በር አለው። አንደኛው፣ አፈር ውስጥ ያሉት ረቂቅ ተሕዋስያን ይህንን እየበሉ ካርቦኑን እንደ እኛው ወደ አየር ይተነፍሱታል። ሙቀትና እርጥበት ሲገጥምላቸው ቶሎ ይበላሉ፤ ደጋ ላይ ብርዱ ያዘገያቸዋል። አፈሩ በታረሰ ቁጥር ተሸሽጎ የነበረው ይገለጥላቸዋል። ጤፍ ደግሞ የላመ መሬት ይፈልጋል፤ ገበሬው ሦስቴ፣ አራቴ፣ አምስቴ እየደጋገመ የሚያርሰው ለዚህ ነው። ሁለተኛው በር ጎርፍ ነው። ስዊዘርላንዳዊው ሃንስ ሁርኒ በ1993 እ.ኤ.አ. ባወጣው ግምት ከኢትዮጵያ የታረሰ መሬት በዓመት በአማካይ በሄክታር 42 ቶን አፈር ይታጠባል። ከዚያ አፈር ውስጥ አንድ ተኩል በመቶው ካርቦን ነው ብንል እንኳ ከ600 ኪሎ በላይ ካርቦን ከአንድ ሄክታር ላይ ተነስቶ ሄደ ማለት ነው። የሚታጠበው ደግሞ ከላይ ያለው፣ ምርጡ ነው።

የአፈሩ ዓይነትም የራሱ ድርሻ አለው። የሸክላነት ባሕርይ ያለው አፈር ካርቦኑን አቅፎ ከተሕዋስያኑ ይደብቀዋል፤ አሸዋማው አያውቅበትም። እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ጥቁር አፈር ሁሉ በካርቦን የበለጸገ አይደለም። የሸዋ ዋልካ እንደ ከሰል ጠቁሮ ሲለካ ግን ብዙ ጊዜ ድሃ ሆኖ ይገኛል። መልክ ያታልላል።

እስከዚህ ያለውን ማንኛውም የግብርና ተማሪ ይነግራችኋል። እኔ መጻፍ የፈለግሁት ስለ ገቢው ነው፤ ምክንያቱም በእኛ ደጋ የሒሳቡ ቀዳዳ ያለው እዚያ ይመስለኛል።

አጨዳው አልቆ፣ ተወቅቶ፣ እህሉ ወደ ጎተራ ሲገባ ማሳው ላይ ምን ይቀራል? ምንም። ጭዱ ተለቅሞ ይወሰዳል፤ ለከብቱ መኖ ነው፣ ሲተርፍ ይሸጣል፣ የጭቃ ቤት ይመረግበታል። (አዲስ አበባ ውስጥ በጭቃ ቤት ያደግን ሁላችን የአንድ ገበሬ ማሳ ግድግዳችን ላይ ተለጥፎ ነው ያደግነው።) ቆሮቆንዳው ቢቀር እንኳ ከአዝመራ በኋላ ማሳው የሰፈሩ ከብት ሁሉ ነው፤ አንድ ጎበዝ ገበሬ “እኔ ለአፈሬ እተዋለሁ” ቢል የጎረቤቱ በሬ ይበላለታል። በሌላ አገር የሚመከረው “ሳታርስ ዝራ፣ ገለባውን መሬት ላይ ተው” የሚለው ዘዴ እኛ ጋ ሲመጣ የሚሰናከለው እዚህ ነው። ገበሬው ስላልገባው አይደለም። ከብቱም ይበላል፣ ሰውም ይበላል፣ ጭዱ ደግሞ አንድ ነው።

እሺ፣ ከብቱ ከበላ እበቱ ይመለስ ይሆናል? እዚህ ጋ ነው ነገሩ። በ2013 ዓ.ም. የስታቲስቲክስ መረጃ መሠረት 70 ሚሊዮን ገደማ የቀንድ ከብት አለን፤ ከአፍሪካ የሚስተካከለን የለም። ይህ ሁሉ ከብት ያላት አገር አፈሯ ፍግ ተራበ ሲባል ለሰሚ ይገርማል። እበቱ ግን ይጠፈጠፋል፣ ይደርቃል፣ ኩበት ይሆናል፣ ምጣድ ሥር ይገባል። ደብረ ብርሃን አካባቢ የሄዳችሁ በየግቢው እንደ ጎጆ የተቆለለውን ክምር አይታችኋል። ዛፍ የለማ! ደኑ ካለቀ ቆይቷል፤ እንጀራ ግን በየሁለት በየሦስት ቀኑ መጋገር አለበት። ቤት ውስጥ ከምናነደው ማገዶ ከግማሽ በላይ የሚሄደው ለእንጀራ እንደሆነ ደጋግሞ ተጽፏል።

ደረቅ ኩበት ከክብደቱ ሲሶ የሚያህለው ካርቦን ነው። እውነቱን ለመናገር ማሳ ላይ ቢበተንም አብዛኛው በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተመልሶ ወደ አየር ይወጣ ነበር፤ አፈር ውስጥ የሚቀረው ትንሹ ነው። ግን ያ ትንሽ በየዓመቱ ሲደመር ነው አፈር አፈር የሚሆነው። ከዚህም በላይ ኩበት ሲነድ ናይትሮጅኑ አብሮ በጭስ ይሄዳል፤ አመዱ ውስጥ የሚቀሩት ፎስፈረስና ፖታሲየም ናቸው። ከዚያ ያንኑ በጭስ የሸኘነውን ናይትሮጅን ዩሪያ ብለን በዶላር ከውጭ እናስመጣለን። በነሐሴ 2017 ዓ.ም. በጎዴ የዩሪያ ፋብሪካ ለመገንባት ከዳንጎቴ ጋር የ2.5 ቢሊዮን ዶላር ስምምነት ሲፈረም ደስ ያለው ብዙ ነው፤ እኔም አልከፋኝም። ብቻ በየጓዳው በየቀኑ የሚነደውን ፋብሪካ ማን ይቁጠረው?

ፍግ በእውነት ይህን ያህል ለውጥ ያመጣል ወይ ብሎ የሚጠራጠር ካለ፣ በዓለም ላይ ረጅሙን ሙከራ ይመልከት። እንግሊዝ አገር ሮታምስቴድ በሚባል ቦታ ከ1843 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አንዱን የስንዴ ማሳ ፍግ እያለበሱ፣ ጎኑ ያለውን ምንም ሳይሰጡት እስከ ዛሬ ያርሳሉ። ፍግ ያገኘው አፈር ካርቦን ካላገኘው ከእጥፍ በላይ ሆኗል። እኔን ከሁሉም የገረመኝ ግን እዚያው ያለው የገብስ ማሳ ነው። ከ1852 እስከ 1871 እ.ኤ.አ. ድረስ ብቻ ፍግ ተሰጥቶት ከዚያ የቆመ አንድ ቁራጭ መሬት አለ። ከመቶ ዓመት በኋላ ሲለካም ጭራሽ ፍግ አይቶ ከማያውቀው ጎረቤቱ የበለጠ ካርቦን ነበረው። ምኒልክ አዲስ አበባን ሳይቆረቁሩ የተበተነ ፍግ ነው እንግዲህ።

የእኛም ማስረጃ አለን፤ እንግሊዝ ድረስ ያስኬደኝ የዓመቱ ርዝመት ብቻ ነው። ጉራጌ፣ ሲዳማ፣ ጌዴኦ ሄዳችሁ የእንሰቱን ጓሮ እዩ። የከብቱ እበት፣ የቤቱ ጥራጊ፣ የወጥ ቤቱ ልጣጭ፣ ሁሉም እንሰቱ ሥር ይደፋል። ተመራማሪዎች አፈሩን ሲለኩ የቤቱ ዙሪያ በካርቦን ሀብታም፣ ራቅ ያለው የእህል ማሳ ደግሞ ድሃ ሆኖ ያገኙታል። አንድ ገበሬ ነው፣ ዝናቡም አንድ ነው። ልዩነቱ እበቱ የት ሄደ የሚለው ነው።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ። ይህ ሁሉ ሲነገር የሚከተለው ምክር ሁልጊዜ አንድ ነው፦ “ገበሬው ግንዛቤ ይሰጠው”። ሥልጠና፣ አበል፣ ፖስተር። ገበሬው ግን ፍግ መሬት እንደሚያለማ ከእኛ ቀድሞ ያውቃል፤ እንኳን እሱ በሬውም ያውቃል። በአንዳንድ የሸዋ ደጋዎች ገብስ ለመዝራት አፈሩን ራሱን ከምሮ ማቃጠል የቆየ ልማድ ነው። ለአንድ ሁለት ዓመት ምርት ይሰጣል፣ ከዚያ መሬቱ ለዓመታት ይተኛል። ይህንን የሚያደርግ ሰው አላዋቂ አይደለም፤ ዘንድሮ መብላት ያለበት ሰው ነው።

ደግሞም “ገበሬው” ስንል ማንን ነው? እበቱን ከበረት የምትዝቀው፣ የምትጠፈጥፈው፣ የምታደርቀው፣ አብዛኛውን ጊዜ ሴት ናት፤ እናት ወይ ልጅ። በብዙ ቤት ኩበት ተሸጦ የሚገኘው ብር የእሷ ነው፤ ጨው፣ ቡና፣ የልጅ ደብተር ይገዛል። እህሉ ሲሸጥ ብሩን የሚቆጥረው ባልየው ነው። እንግዲህ የግብርና ባለሙያው መጥቶ “ፍጉ ወደ ማሳ ይግባ” ሲል፣ ሳያስበው ከእሷ መቀነት ፈትቶ ለእሱ ማሳ እያዋጣ ነው። አዎ፣ የመሬት ደብተሩ ላይ የሁለቱም ፎቶ አለ። ፎቶ ግን የእህል ብር አይቆጥርም። እኔ በእሷ ቦታ ብሆን “እሺ” ብዬ ነገ ጠዋት ኩበቴን እጠፈጥፍ ነበር። ለዚህ ነው የአፈር ካርቦን ጉዳይ የጓዳ ጉዳይ ነው የምለው፤ የማገዶውን ጥያቄና የእሷን ገቢ ሳይመልስ ማሳውን ሊያክም የሚነሳ ፕሮግራም ከመነሻው የተበላሸ ይመስለኛል።

ሌላው የሚረሳው ሰው የእኛ እኩያ ነው። ገጠር ያለው ወጣት መሬት የለውም። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ ያለው ተከፋፍሎ አልቋል፣ ስለዚህ የሰው መሬት በእኩል ወይም በኮንትራት ለአንድና ለሁለት ዓመት ያርሳል። አፈር ውስጥ የምታስቀምጠው ነገር ደግሞ ፍሬውን የሚሰጠው ከአምስት ከአሥር ዓመት በኋላ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ባለቤቱ ለሚቀበለው መሬት ማነው ፍግ ተሸክሞ የሚወጣው? እናንተ ለተከራያችሁት ቤት ጣራ ታድሳላችሁ?

በዚህ መሃል ደግሞ የካርቦን ሽያጭ የሚባለው መጥቷል። ፈረንሳይ በ2015 እ.ኤ.አ. በፓሪሱ የአየር ንብረት ጉባኤ ወቅት “አራት በሺህ” የሚል ሐሳብ አቅርባ ነበር፦ የዓለም አፈር ካርቦን በየዓመቱ በሺህ አራት ቢጨምር ብዙ ነገር ይለወጣል የሚል። ሐሳቡ ደስ ይላል። ከዚያ ወዲህ ገበሬ አፈሩ ውስጥ ካርቦን አከማችቶ ለውጭ ኩባንያ ይሸጣል ሲባል እንሰማለን። እኔ እዚህ ላይ ተጠራጣሪ ነኝ። አንድ ሄክታር መሬት ላይ እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ያለው አፈር 2,400 ቶን ገደማ ይመዝናል፤ አንድ በመቶው ካርቦን ቢሆን 24 ቶን ነው። በሺህ አራት ማለት ከዚያ ላይ በዓመት 96 ኪሎ መጨመር ነው። አንዱ ጥግና ሌላው ጥግ በሚለያይበት ማሳ ላይ ይህችን ጭማሪ በትክክል ለክቶ፣ አረጋግጦ፣ የአማካሪውን አበል ከፍሎ፣ ለገበሬው ስንት ብር ይተርፋል? ወላይታ ሁምቦ ላይ 2,728 ሄክታር ደን አገግሞ ካርቦኑ ለዓለም ባንክ ፈንድ ሲሸጥ የተቆጠረው ዛፉ ነው፤ ዛፍ ይታያል፣ ይለካል። የአፈሩ ነገር ግን ለጊዜው ላም አለኝ በሰማይ ነው። ደግሞ የተከማቸው ካርቦን በሁለትና በሦስት መጥፎ ዓመት ተመልሶ ይወጣል። ያኔ ገንዘቡ ይመለስ ይባል ይሆን?

“ማዳበሪያ ይቅር፣ ሁሉም ኦርጋኒክ ይሁን” የምትሉትም (ካፌ ውስጥ በብዛት ትገኛላችሁ) ረጋ በሉ። ስሪላንካ በ2021 እ.ኤ.አ. የኬሚካል ማዳበሪያ በድንገት አግዳ፣ የሩዝ ምርቷ ወርዶ፣ በወራት ውስጥ ነው ወደ ኋላ የተመለሰችው። በቂ ናይትሮጅን ያገኘ ሰብል ሥሩም ገለባውም ይበዛል፤ ሥሩ ደግሞ ማንም የማይወስደው የአፈሩ ድርሻ ነው። ማዳበሪያው ብቻውን አፈር አያድንም፣ ያለ ማዳበሪያም ሆድ አይሞላም።

ታዲያ ምን ይሁን? መልሱ ከግብርና ቢሮ ውጪ ያለ ይመስለኛል። የዓለም ባንክ ባለሙያ የነበረው ኬን ኒውካምብ በ1984 እ.ኤ.አ. ስለ ኢትዮጵያ ያቀረበው ክርክር ይኸው ነበር፦ ገጠር ውስጥ የማገዶ ዛፍ መትከል የሚያዋጣው ኩበቱ ወደ ማሳ ስለሚመለስ ነው። አርባ ዓመት አልፎታል። ሁላችንም “ውኃ ይመጣል፣ መሬት ያደርቃል” እያልን የምንረግመው ባሕር ዛፍ በዚህ ዓይን ሲታይ የኩበት ባላንጣ ነው፤ አጥር ጥግ ላይ የቆመ ባሕር ዛፍ ያላት ሴት ኩበቱን ብትተወው ይቀላታል። በአዊ ዞን ፋግታ ለኮማ ገበሬዎቹ ራሳቸው ከዚህ የተሻለ ነገር አግኝተው ነበር። አሲዳማ ሆኖ ገብስ እንኳ እምቢ ባለ መሬት ላይ ዲከረንስ የሚባል የግራር ዘር ከጤፍ ጋር ይተክላሉ፤ ጤፉን በመጀመሪያው ዓመት ያጭዳሉ፣ ዛፉን ከአምስት ዓመት ገደማ በኋላ ከሰል አድርገው ይሸጣሉ፣ ከዚያ መሬቱን ደግመው ይዘሩታል። ዛፉ ናይትሮጅን ከአየር ይስባል፣ ቅጠሉ አፈሩ ላይ ይረግፋል። ከሰሉ የት ይሄዳል? እናንተው ጋ፣ ቡናችሁ ሥር። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በሽታ ገብቶበት ብዙ ሰው ጎድቷል፤ በአንድ ዛፍ ላይ ብቻ መንጠልጠል የሚያመጣው ጣጣ ነው። ትምህርቱ ግን አለ፦ ማገዶውን የሚያስገኝ ነገር ሲገኝ አፈሩ ማንም ሳይሰብከው ማረፍ ይጀምራል።

ከዛፉ በኋላ ደግሞ መብራት አለ። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሕዳሴ ግድብ ሲመረቅ ሁላችንም አለቀስን፣ ጨፈርን። 5,150 ሜጋ ዋት። ግን ከሕዝባችን መብራት ያለው ግማሽ ገደማው ነው፤ በንጹሕ ኃይል የሚያበስለው ደግሞ ከአሥር ሰው አንድ አይሞላም። መብራት የገባለት ገጠር ውስጥ እንኳ አብዛኛው ሰው አምፖል ያበራል፣ ስልክ ቻርጅ ያደርጋል፣ እንጀራውን በኩበት ይጋግራል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣዱ ውድ ነው፣ መስመሩ ጭነቱን አይችልም፣ ታሪፉም ከ2017 ዓ.ም. ጀምሮ ደረጃ በደረጃ እየጨመረ ነው፤ ኩበት ግን ለከብት ባለቤት በነጻ ነው። ለገጠር እናት ምጣድ በዱቤ የሚሰጥ፣ በሰፈር አንድ የጋራ መጋገሪያ የሚያቆም ፕሮግራም የኃይል ፕሮግራም ብቻ ተብሎ ባይመዘገብ ደስ ይለኛል። ዩሪያ ለማስመጣት ከሚወጣው ዶላር ጥቂቱ ቢዞርለትም አይከፋኝም። እስከዚያው ምርጥ ምድጃ አለ፤ ከ1980ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ የምናውቀው፣ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን በግማሽ ገደማ የሚቀንስ። የሚገርመኝ የምድጃ ፕሮግራሞች ሪፖርት ሲያደርጉ የሚቆጥሩት የዳነውን ዛፍና የቀነሰውን ጭስ ነው። የተረፈው ኩበት ማሳ ደረሰ ወይስ ገበያ ወጣ ብሎ የሚጠይቅ ሪፖርት አላጋጠመኝም። ግብርናው በአንድ ሚኒስቴር፣ ኃይሉ በሌላ ሚኒስቴር ሆኖ፣ ኩበት በመካከላቸው ወላጅ አልባ ቀርቷል።

ከገጠር የመጣችሁ ወይም ቤተሰብ ያላችሁ አንባቢዎች እስቲ ጻፉልኝ። በአካባቢያችሁ አንድ ሸክም ኩበት ዛሬ ስንት ይሸጣል? ብሩን የሚይዘውስ ማነው?